ቀለበቶቹን ማን ያዛቸዋል?

ኮዬ ፈጬ ታክሲ የጠበቀ ሰው ስለ ድንጋይ ያውቃል። መቀመጫችን እሱ ነዋ። ግንባታው አያልቅም፣ በየመንገዱ ዳር ከካባ የመጣ ድንጋይ ተከምሯል፣ ሰልፉ ሲረዝም አንዱን መርጦ ቁጭ ማለት ነው። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት የተቀመጥኩበት ድንጋይ ለሁለት የተፈለጠ ነበር። የተፈለጠው ፊቱ ላይ ቡናማ ቀለበቶች አሉ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ ኩሬ ላይ ጠጠር የጣሉበት ይመስል። ሰው በብሩሽ የሳላቸው ነው የሚመስሉት።

ማንም አልሳላቸውም። ብረት የሟሟበት ውሃ በድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ይገባል፣ ኦክስጅን ሲያገኘው ብረቱ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚገርመው ዝገቱ እንደተደፋ ሻይ እኩል አለመዳረሱ ነው። መስመር ይሠራል፣ ባዶ ቦታ ይዘላል፣ ደግሞ መስመር ይሠራል። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያሉትን የሊዘጋንግ ቀለበቶች ይሏቸዋል፣ ድንጋይ ላይ ያለ ቀለበት ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የተሠራው ብሎ መማል ባይቻልም።

ስሙ ግን የመጣው ከድንጋይ ሳይሆን ከፎቶግራፍ ሰፈር ነው። ራፋኤል ኤድዋርድ ሊዘጋንግ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነበር፣ ቤተሰቡም እሱም የፎቶ ሥራ ሰዎች ናቸው። ያኔ ፎቶ ማለት ብርና ጄላቲን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተቀላቀለበት ስስ ጄላቲን ላይ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጣለ። ጠብታው ወደ ጄላቲኑ እየሰረገ ሲሰፋ ቀላ ያለ ቡናማ ዝቃጭ እየተወ ሄደ፣ ግን አንድ ወጥ ክብ አልሠራም። በቀለበት በቀለበት፣ በመሃሉ ንጹሕ ክፍተት እየተወ ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲህ ከ120 ዓመት በላይ አልፏል። ለረጅም ጊዜ ጥያቄው «ለምን ቀለበት ይሆናል?» የሚል ነበር። አሁን አሁን ሌላ ጥያቄ ከፊት መጥቷል፦ የምፈልገውን ዓይነት ቀለበት፣ በምፈልገው ርቀት እንዲሠራልኝ ማዘዝ እችላለሁ ወይ? እኔን የሳበኝም ይኼኛው ነው። ምክንያቱም እዚህ ጋ ማዘዝ ማለት አለቃ ሠራተኛን እንደሚያዘው አይደለም።

መጀመሪያ ግን ጄሉ። የእግር ሾርባ ሠርቶ ያሳደረ ሰው ጄል ምን እንደሆነ አስረጂ አይፈልግም። ማታ ፈሳሽ የነበረው ጠዋት ድስቱን ብታዘነብሉትም አይፈስም፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ። አብዛኛው ውሃ ነው። ከቆዳና ከአጥንት የወጣው ጄላቲን ግን እንደ መረብ ተጠላልፎ ውሃውን ይዞታል። የመረቡ ቀዳዳ ለጨው አዮኖች፣ ማለትም ጨው ሲሟሟ ለሚለያዩት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ሰፊ ስለሆነ ያሳልፋቸዋል፤ ውሃው እንዲናወጥ፣ የዘቀጠውም ወደ ታች እንዲወርድ ግን አይፈቅድም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለቱን ጨዎች ብትቀላቅሉ ዝቃጩ ደመና ሆኖ ይወርድና ታች ይከማቻል፣ አለቀ። ጄል ውስጥ ዝቃጩ በተወለደበት ቦታ ይቀራል። ስለዚህ የሆነው ነገር ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ታክሲው ልመለስ፣ ነገሩ የገባኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ሆኜ ነውና።

ቪልሄልም ኦስትቫልድ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ጀርመናዊ፣ ሊዘጋንግ ውጤቱን ካወጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ማብራሪያ ሰጠ። ሁለት አዮኖች ተገናኙ ማለት ወዲያው ይዘቅጣሉ ማለት አይደለም። ሙሙቱ፣ ማለትም ጨዎቹ የሟሙበት ውሃ፣ ከጠገበ በኋላም ይታገሳል። መጠኑ ከልክ በላይ ሲሄድ፣ አንድ ጣሪያ ሲያልፍ፣ ያኔ የመጀመሪያዎቹ ጥቃቅን የዝቃጭ ዘሮች ይወለዳሉ። ዘር ከተወለደ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘሩ ለማደግ በአካባቢው ያለውን አዮን ሁሉ ይስባል፣ ጎረቤቱን ያራቁታል። ከውጭ የሚገባው አዮን ባዶውን ቦታ አልፎ፣ ገና ያልተነካ ሰፈር ደርሶ፣ እዚያ እንደገና ጣሪያው እስኪታለፍ ድረስ ሌላ መስመር አይኖርም።

ሚኒባስ እንዲህ አይደል? እስኪሞላ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ወያላው ሲጣራ ከፌርማታው ብቻ ሳይሆን ከወዲያ ማዶ የቆመውም ይሮጣል፣ አካባቢው በአንድ ጊዜ ጭር ይላል። ቀጣዩ ሚኒባስ እዚያው ቢቆም ማንንም አያገኝም፣ ሰው እስኪያገኝ ወደፊት መንዳት አለበት። ከመገናኛ እየራቃችሁ ወደ ዳር በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ሰው ሳሳ ስለሚል በሁለት ሙሌት መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ቀለበቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ ጠብታው ከወደቀበት በራቁ ቁጥር ይራራቃሉ። (ሰው ሰልፍ ሲሰለቸው በእግሩ ይሄዳል፣ አዮን ግን አይሰለቸውም። ምሳሌዬ እዚያ ጋ ያነክሳል።)

መራራቃቸው ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ያብልቺንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1923 እንዳሳየው የአንዱን መስመር ከመነሻው ያለውን ርቀት ከሱ በፊት ላለው መስመር ርቀት ብታካፍሉት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ቁጥሩ 1.2 ቢሆን፣ የመጀመሪያው መስመር 10 ሚሊሜትር ላይ ካለ ቀጣዩ 12 ላይ፣ ከዚያ 14.4 ላይ፣ ከዚያ 17.3 አካባቢ ይወጣል። ጊዜውም ሕግ አለው። ወደ ጄሉ የሚገባው አዮን የሚሄደው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚያድገው፣ በተራ አነጋገር እየሰነፈ ነው የሚሄደው፤ አንድ ሴንቲሜትር ለመሄድ አንድ ቀን ከፈጀበት ሁለት ሴንቲሜትር ላይ ለመድረስ አራት ቀን፣ ሦስት ላይ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል።

እንግዲህ ማዘዝ የሚባለው ነገር መነሻው ይኼ ነው። 1.2 የነበረውን ቁጥር 1.1 ማድረግ ይቻላል? ይቻላል። ማታሎንና ፓክተር በሚባሉ ተመራማሪዎች ስም የሚጠራ ሕግ አለ፤ ከውጭ የሚገባውን ሙሙት ባወፈራችሁት ቁጥር መስመሮቹ ይቀራረባሉ፣ ባቀጠናችሁት ቁጥር ይራራቃሉ ይላል። የውስጡም መጠን ድርሻ አለው። የጄሉ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም እጁን ያስገባል።

ይኼን ለእህቴ ሳስረዳት እንጀራ እየጋገረች ነበር። አክንባሎውን ከፍታ አሳየችኝ። «አይኑን እኔ አልሠራውም» አለችኝ። «ሊጡ ነው የሚያወጣው። እኔ የማውቀው አብሲቱን፣ የሊጡን ቅጥነትና ምጣዱን ነው።» እውነቷን ነው። እንጀራ ላይ እያንዳንዱን አይን በመርፌ የሚበሳ የለም፣ ቢሞክርም አይሆንለትም። ግን ጥሩ ጋጋሪ አይኑ ጥቅጥቅ እንዲል፣ እንዲሰፋ ወይም እንዳይደፈን ታደርጋለች። የማትነካውን ነገር በዙሪያው ያለውን በመያዝ ትገዛዋለች። ጄል ውስጥ ቀለበት ማዘዝም ይኼው ነው እንጂ ስዕል መሳል አይደለም።

ሞከርነው እኮ። የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለ፣ ቁልፉ ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ የለም። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ሆነ። የሊዘጋንግን ሙከራ እንዳለ መድገም ግን አላሰብንም፣ እናንተም እንዳታስቡት። ዳይክሮሜት ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ነው፣ ካንሰር ያመጣል። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ክሮሚየም ሦስት ነው፣ ሌላ ነገር ነው፤ ይኼኛው ግን ከወጥ ድስት አጠገብ መድረስ የለበትም።

ደግነቱ ሌላ መንገድ አለ። ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ያ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው መራራ ጨው፣ ሞቅ ባለ ውሃ ከጄላቲን ጋር ይሟሟል። ጄላቲኑ ኬክ ሠሪዎች የሚገዙት ነው። ቱቦ ውስጥ ይገለበጣል፣ እስኪረጋ ያድራል። ጠዋት ላዩ ላይ ጠንከር ያለ አሞኒያ ይፈስሳል፣ አፉ ይከደናል። መስኮት ተከፍቶ፣ መነጽር ተደርጎ፣ ፊት ሳያስጠጉ ነው፣ አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ላይ ቀልድ አያውቅም። አሞኒያው እየሰረገ ሲወርድ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጣል፣ ነጭ ነው። ወደ ላይኛው በኩል አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፣ ዝቅ ሲል ግን ዲስክ ዲስክ እየሆነ ይነጣጠላል።

ኅዳር መሆኑም ጠቀመን። ጄላቲን 30 ዲግሪ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል፣ ጋምቤላ ወይም አፋር ቢሆን ኖሮ ቱቦው ውስጥ ሾርባ ይሆን ነበር። እዚያ አጋር ይሻላል። ከባሕር አልጌ ነው የሚሠራው፣ አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይቀልጥም።

መጀመሪያ ሦስት ቱቦ አዘጋጀን። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ በካልሲ ጠቅልለን፣ ሦስተኛውን አሞኒያውን ግማሽ በግማሽ በውሃ አቅጥነን እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ። በሁለተኛው ሳምንት አወጣናቸው። የቁም ሳጥኑ ሥርዓት ያለው ነበር፣ መስመሮቹ ቀስ እያሉ ይራራቃሉ፣ ልጁ በማስመሪያ ለካቸው። የቀጠነው አሞኒያ መስመሮቹን ጥቂትና የተራራቁ አደረጋቸው፣ ሕጉ እንዳለው። የመስኮቱ ግን ዝብርቅርቅ አለ። ሁለት መስመር ተጣብቀው፣ ቀጥሎ ትልቅ ክፍተት፣ ቀጥሎ አንድ የተጣመመ። ኮዬ ላይ የኅዳር ፀሐይ ቀን ያነዳል፣ ሌሊቱ ደግሞ አጥንት ይገባል። ያ መውጣትና መውረድ ቱቦው ውስጥ የተጻፈ ይመስለኛል። ሦስት ቱቦ ማስረጃ ይሆናል አልልም፤ ግን ሙቀት መስመሮቹን እንደሚቀይር በቤተ ሙከራም የታወቀ ነው፣ እንዲያውም ከመቆጣጠሪያ መንገዶቹ አንዱ ሆኖ ተሞክሯል።

ትልቁ ዝላይ የመጣው ግን በኤሌክትሪክ ነው። በጄኔቭ እና በቡዳፔስት ያሉ ተመራማሪዎች፣ ከነሱ መካከል ሚሼል ድሮዝ፣ ዞልታን ራትስ እና ኢሽትቫን ላግዚ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ሥራ ሐሳቡ ቀላል ነው። አዮን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከመ ቅንጣት ነው፤ ቻርጅ የተሸከመን ነገር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይገፋዋል። በራሱ ሲሄድ እየሰነፈ ስለሚሄድ መስመሮቹ ይራራቃሉ ብለናል። እንግዲያው ጄሉ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት በጊዜው እየቀያየራችሁ ብትገፉትስ? አስቀድሞ በታሰበ ፕሮግራም ከረንቱን ከፍ ዝቅ በማድረግ መስመሮቹ የት እንደሚወጡ መወሰን ቻሉ፣ እኩል የተራራቁ መስመሮችንም ጭምር። ያ ነው ጨዋታውን የለወጠው። የሙሙቱን ውፍረት አንዴ ነው የምትወስኑት፣ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ እጃችሁ አጭር ነው። ከረንት ግን በመሃል ትቀይሩታላችሁ። አብሲቱን ጥላ ምጣዱን ከምትጠብቅ ጋጋሪ፣ እሳቱን በየደቂቃው ወደምትቆጣጠር ጋጋሪ እንደ መሸጋገር ነው።

ሌላው መንገድ ማኅተም ነው። ኬሚስቱ ባርቶሽ ግዢቦቭስኪ እና ባልደረቦቹ ቅርጽ የወጣለት አጋሮዝ፣ ማለትም ራሱ ጄል የሆነ ማኅተም፣ በአንዱ ጨው ነክረው ሌላው ጨው ባለበት ስስ ጄል ላይ ያስቀምጡታል። ጨዉ ከማኅተሙ እየሰረገ ሲገባ ቀለበቶቹ የማኅተሙን ቅርጽ ተከትለው ይሠራሉ፣ በማይክሮሜትር ደረጃ። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር አካባቢ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። እንዲህ ደቃቅ የሆኑ መስመሮች ብርሃን ይበትናሉ፣ ይሰነጥቃሉ። ስለዚህ ብርሃን ለሚያጥፉና ለሚከፋፍሉ ትንንሽ ዕቃዎች ይጠቅማሉ ነው ተስፋው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይኼን ርዕስ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ቀጥሎ «ቺፕ ያለ ፋብሪካ በጄል ይሠራል» ወደሚል ወሬ ይሮጣል። እኔ አይዋጥልኝም። ቺፕ ላይ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቦታ፣ የራሱ መታጠፊያ አለው፣ አንዷ ብትሳሳት ዕቃው ይሞታል። ጄል ያንን አይሰጥም። ጄል የሚሰጠው የሚደጋገም ነገር ነው፣ እኩል የተራራቀ፣ ርካሽ፣ ሰው ሳይነካው ራሱን የሚሠራ። ለዚያ ለዚያ ጥሩ ነው። ለሁሉም ነገር ነው ያላችሁን ሰው ግን አንድ የእንጀራ አይን እዚህ ጋ አድርግልኝ በሉት።

ደግሞም ዕድል የሚባል ነገር አለ። ቱቦ ውስጥ አንዳንዴ ዲስክ በዲስክ ፋንታ ጥምዝምዝ ይወጣል፣ እንደ ስፕሪንግ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ተያያዥ መስመር። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድስት፣ በአንድ ዓይነት ቱቦ ብታዘጋጁ አንዱ ዲስክ ሌላው ጥምዝምዝ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የላግዚና የራትስ ቡድን ይኼንን በሙከራም በኮምፒውተርም መርምሮ ያገኘው ነገር ደስ ይለኛል፦ ጥምዝምዝ መውጣቱን ማዘዝ አይቻልም፣ የመውጣት ዕድሉን ግን መቀየር ይቻላል። ሙቀቱን፣ መጠኑን፣ የጄሉን ሁኔታ ስትቀይሩ ከመቶ ቱቦ ስንቱ እንደሚጠመዘዝ ይለወጣል። የትኛው እንደሚጠመዘዝ ግን ጥቃቅኑ መናወጥ ነው የሚወስነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያዝም።

መስመሮቹ እየራቁ ሲሄዱ ከመራራቅ ይልቅ የሚቀራረቡባቸው ኬሚካሎችም አሉ። ለነሱ የኦስትቫልድ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። ትንንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ ትልልቆቹን ያሳድጋሉ የሚል ሌላ ማብራሪያም አለ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። የሚገርመው ግን ዘዴው ሙሉ በሙሉ ሳይታወቅ መቆጣጠር መቻሉ ነው። እህቴም እርሾው ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ አታውቅም።

ሐኪም ቤት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በኩላሊት አካባቢ ከሚገኝ ውሃ የቋጠረ እብጠት በመርፌ በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እነዚሁ ቀለበቶች ይገኛሉ፣ የትል እንቁላል ናቸው ተብለው የተሳሳቱበት ጊዜ አለ። ሰውነታችን ውስጥ ጄል መሰል ነገር ብዙ ነው፣ ይኼ አያስደንቅም።

ወደ እኛ ወጥ ቤት ልመለስ። ልጁ የኤሌክትሪኩን ነገር ሰምቶ አላስቀመጠኝም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት የእርሳስ እምብርት፣ ጄሉ ውስጥ ሰካቸው። በደቂቃ ውስጥ እርሳሶቹ ዙሪያ አረፋ መጣ፣ ውሃው እየተከፋፈለ ጋዝ ሆነ፣ ጄሉም ተሰነጠቀ። «አጎቴ፣ እነሱ እንዴት ነው ያልተሰነጠቀባቸው?» አለኝ። እንዲህ ባለ ሙከራ ዘንጎቹን ጄሉ ውስጥ ከመሰካት ከጄሉ ራቅ ባለ ሙሙት ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደው ለዚህ ነው፤ አረፋው እዚያው ይወጣል፣ ጄሉ ጋ የሚደርሰው አዮኑ ብቻ ነው። ባትሪዋም ፕሮግራም የላትም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው።

ተስፋ አልቆረጠም። እንደገና ስድስት ቱቦ አዘጋጀ፣ ከአንድ ድስት፣ በአንድ ማታ፣ ሁሉም ቁም ሳጥን ውስጥ። እናቱ ካልሲዎቹ የት እንደገቡ እስክትጠይቅ ድረስ ቆዩ። ባለፈው እሑድ ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። አምስቱ ዲስክ ናቸው። ስድስተኛውን ሳየው መስመሮቹ ዘመም ያሉ መሰለኝ፣ ሲረጋ ቱቦው አዘንብሎ ነው አልኩት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከኋላ አስጠጋው፣ ጣቱን ከላይኛው መስመር ላይ አድርጎ ቱቦውን ቀስ ብሎ ማዞር ጀመረ። አንድ ዙር ሲሞላ ጣቱ የጀመረበት መስመር ላይ አልነበረም፣ አንድ መስመር ወርዷል።